ድንቡሼ ታጥባ መጣች

«ምንም እንዳታዘጋጁ፤ እንዲሁ ጎራ ብለን ነው የምንሄደው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከመካከላችን አምኖት የሚያውቅ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ተናጋሪውም እንዲታመንለት ብሎ አይናገረውም። ስልኩ እንደተዘጋ ቤቱ ይገለበጣል፤ መጋረጃ ወርዶ ይታጠባል፣ ሥጋ ይገዛል፣ በሰላም ተቀምጠው የነበሩ ልጆች ተይዘው ገላቸውን ይታጠባሉ። እንግዳው መጥቶ እውነትም ምንም ያልተዘጋጀበት ቤት ቢገጥመው፣ ቃሌ ተከበረልኝ ብሎ የሚደሰት ይመስላችኋል? አመስግኖ ይወጣና ለዓመታት የሚያወራው ነገር ያገኛል።

ይህ እኛ በእኛ ሲሆን ማንንም አይጎዳም። «አትቸገሩ» ማለት «እንደምትቸገሩ አውቃለሁ፤ ከወዲሁ አመሰግናለሁ» ማለት መሆኑን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ችግር የሚመጣው ነገሩን በቁሙ የሚናገር፣ አታድርጉ ሲል እውነትም አታድርጉ ማለቱ የሆነ ሰው ያጋጠመ ዕለት ነው። እኔን እንዲህ ያለ ሰው የገጠመኝ ሜልበርን ውስጥ፣ በአንድ ሙዚየም ምድር ቤት፣ በአሮጌ አሻንጉሊቶች መካከል ነው።

እዚያ ምን ትሠሪያለሽ ማለታችሁ አይቀርም። ወደዚህ አገር የመጣሁት ስለ ሙዚየም አያያዝ ሁለተኛ ዲግሪዬን ለመማር ነው። እናቴ ለጎረቤት ስታወራ «ላይብረሪ ነው የምታጠናው» ትላለች፤ አርሜያት አላውቅም፤ ላይብረሪ ቢያንስ ሥራ ይመስላል። ከትምህርቱ ጎን በሳምንት የተወሰኑ ቀናት ሙዚየሙ ውስጥ ሺፍት አገኘሁ፤ የድሮ መጫወቻዎች ክፍል ውስጥ። ጓንት አድርጌ አቧራ እጠርጋለሁ፣ የመዝገብ ቁጥር አስራለሁ፣ ሳጥን እቀይራለሁ። ለእንደኔ ዓይነት፣ ሦስት ሰው ከተሰበሰበበት አራተኛ ለመሆን ለሚጨንቃት ሴት፣ ከዚህ የተሻለ ሥራ ያለ አይመስለኝም። አሻንጉሊት መቼ ነው የምታገቢው ብሎ አይጠይቅም።

ክፍሉን ብታዩት ትወዱት ነበር። በቁልፍ የሚጠመዘዝ የቆርቆሮ ባቡር አለ፤ ሐዲዱ ጠፍቶ ባቡሩ ብቻ የቀረ። ጭራው በልጆች እጅ ተነቅሎ ያለቀ የእንጨት ፈረስ አለ። ብይ አለ፣ እባብና መሰላል አለ፤ በአንድ መሳቢያ ውስጥ ደግሞ እንደኛ ቅልብልቦሽ ወደ ላይ እየተወረወሩ የሚቀለቡ የበግ አጥንቶች አሉ። መጀመሪያ ያየኋቸው ቀን ማንም እንደሌለ አረጋግጬ አንዴ ወርወር አድርጌ ቀለብኳቸው። በጓንት ስለሆነ አይቆጠርም።

እዚያ ስሠራ የተማርኩት አንድ ነገር፣ አሮጌ መጫወቻ በሁለት መንገድ እንደሚከበር ነው። አንደኛው ጭራሽ ያልተነካው ነው፤ ከነካርቶኑ፣ ከነክሩ፣ ልጅ የሚባል ሳያየው የኖረው። እሱን ሰብሳቢዎች ይሻሙበታል። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር ያሳዝነኛል፤ ሰርግ ተጠርቶ በር ላይ የቀረ ሰው ይመስለኛል። ሁለተኛው በፍቅር ብዛት የተበላሸው ነው። አፍንጫው በመሳም ብዛት የተላጠ ድብ፣ አንድ ጆሮዋ በጥርስ የተበላ ጥንቸል። የክፍላችን ኃላፊ ማርጋሬት የምትወደው ይህንን ነው። ማርጋሬት ዕድሜዋን ሙሉ ከአሻንጉሊት ጋር የኖረች፣ ስታወራ እንኳ የተኛ ልጅ ላለመቀስቀስ የምትጠነቀቅ የምትመስል ሴት ናት። የድቡን የተላጠ አፍንጫ በመብራት እያሳየችኝ፣ ቆሻሻው ነው ታሪኩ፣ ቆሻሻውን ካነሳሽለት የሚቀረው ጨርቅ ብቻ ነው ትለኛለች። እኔም እንደ ጎበዝ ተማሪ ራሴን እነቀንቃለሁ።

ይህችው ማርጋሬት አንድ ቀን፣ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ የከተማዋ ነዋሪዎች ይዘዋቸው የመጡትን መጫወቻዎች የምናሳይበት አንድ የመስታወት ሣጥን ይኖረናል፣ ከእናንተስ አገር ምን ይገኛል ብላ ጠየቀችኝ። አሰብኩ። የእኛ መጫወቻ እኮ ለመቀመጥ አልተሠራም። የካልሲ ኳሳችን ጎማ ስር ገብታ ትፈርሳለች፤ የጭቃ በሬያችን ዝናብ ሲመጣ ተመልሶ ጭቃ ይሆናል፤ የሽቦ መኪናችን ሽቦው ለአጥር ሲፈለግ ይበተናል። ሰኞ ማክሰኞማ መሬት ላይ የተጫረ መስመር ነው፤ የትኛው ሻንጣ ውስጥ ይገባል?

ቢሆንም እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ ሻይ ላይ፣ ለእትዬ አስካለ ነገርኳቸው። ማይክ ይዤ ማስታወቂያ መናገር አልችልም፤ እትዬ አስካለ ጆሮ ውስጥ ያስቀመጡት ነገር ግን ማይክ አያስፈልገውም። እትዬ አስካለ ኮሊንግዉድ ሰፈር ከሚገኙት ረጃጅም የመንግሥት ኪራይ ሕንፃዎች በአንዱ፣ ደመና ሊነካ ትንሽ በቀረው ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአንድ ሆቴል አንሶላ ሲያጥቡ የኖሩ ሴት ናቸው። ነገሩን ሰምተው ብርጭቋቸውን አስቀመጡና «እኔ አለችኝ» አሉ። ዕቃ ነው ወይስ ሰው እስክል ድረስ ግራ ገባኝ።

ያለቻቸው ድንቡሼ ናት። እቤታቸው ሄጄ አየኋት። በሻሽ ተጠቅልላ ሻንጣ ስር ትኖር የነበረች የጨርቅ አሻንጉሊት ናት፤ ስሟ የወጣላት ሆዷ ትልቅ ስለነበረ ነው። እትዬ አስካለ ገና ዳዴ እያሉ እናታቸው ሞተው ያሳደጓቸው ታላቅ እህታቸው አመለወርቅ ናቸው። ድንቡሼን የሠሯት እሳቸው ናቸው፤ ገላዋን ካለቀ አቡጀዲ፣ ሆዷን ከቤተሰቡ ቡትቶ፣ ፀጉሯን ከራሳቸው ሹሩባ ጫፍ ቆርጠው። አመለወርቅ ከሞቱ ቆይተዋል። ድንቡሼ ቡናማ ሆናለች፤ አንድ እግሯ የእትዬ አስካለ ጥርስ ሲወጣ የተኘከ ነው፤ ፀጉሯን ሲያሸቱት ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ የቅቤ ሽታ ስልል ብሎ ይመጣል። በስልኬ ፎቶ አነሳኋት።

ማርጋሬት ፎቶውን ስታይ ወንበር ሳበች። እግሯን አጉልታ አየች፣ ሆዷን አጉልታ አየች። ከዚያ ፊቷ ጠንከር አለና አደራ አለችኝ፤ ምንም እንዳያደርጓት፣ በብሩሽ እንኳ እንዳይነኳት፣ እንዳለች ትምጣ። እኔም ቃል በቃል አደረስኩ። እትዬ አስካለ ፈገግ አሉና እጄን መታ መታ አደረጉልኝ።

ያቺ ፈገግታ። እናቴ ስልኩን ዘግታ ወደ መጋረጃው ከመዞሯ በፊት ፈገግ የምትለው ፈገግታ ነበረች።

እዚህ ላይ እትዬ አስካለ ድንቡሼን ለመስጠት ለምን እንደቸኮሉ ልንገራችሁ። ሊለቁ ነበር። ልጃቸው ምህረት ፖይንት ኩክ በሚባል ከመሀል ከተማ ራቅ ያለ ሰፈር አዲስ ቤት ገዝታለች፤ ግድግዳው ነጭ፣ ሶፋው ግራጫ፣ ሁሉ ነገር ከካርቶን የወጣ ዕለት የመሰለ ቤት። እማዬ ብቻሽን አትኖሪም፣ ከኛ ጋር ትሆኛለሽ አለች፤ ጥሩ ልጅ ናት። ነርስ ናት፣ ሺፍት ሺፍቱን እየተሯሯጠች የምትኖር፣ ትርፍ ዕቃ የማየት አቅም የሌላት። ልብስሽንና መጽሐፍ ቅዱስሽን ያዢ፣ ሌላው ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ኦፕ ሾፕ ይሄዳል ብላቸዋለች። የምህረት ልጅ ሶሊያና ደግሞ ድንቡሼን ባየቻት ጊዜ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብላ «ክሪፒ ናት» አለች፤ ታስፈራለች ማለቷ ነው። ከሶሊያና አፍ በአማርኛ የምትወጣው ያቺ «ናት» ብቻ ናት፤ ለአያቷ ያላት አክብሮት ነው።

«እኔ ስሞት መጀመሪያ ወደ ቆሻሻው ቢን የምትገባው እሷ ናት» አሉኝ እትዬ አስካለ፣ ሳያዝኑ፣ የአየር ሁኔታ እንደሚነግር ሰው። መስታወት ውስጥ ከገባች ግን ቁልፍ አለ፣ ዘበኛ አለ፤ ማን ይጥላታል? ፓስተራችን ሳይቀር ከመድረክ ላይ፣ የእህታችን የልጅነት አሻንጉሊት ሙዚየም ልትገባ ነው ብሎ አስጨበጨበልን።

የርክክቡ ቀን ቡክ ተደረገ። እትዬ አስካለ በሰው እጅ አልልካትም ብለው ራሳቸው በትራም መጡ፤ የእሑድ ልብሳቸውን ለብሰው፣ የስጦታ ከረጢት ይዘው። ማርጋሬት ጠረጴዛው ላይ ነጭ ወረቀት አንጥፋ፣ ጓንቷን አጥልቃ ትጠብቃለች። እትዬ አስካለ ከረጢቱን ከፈቱ።

ድንቡሼ ታጥባለች።

ታጥባለች ማለት ያንስባታል። በረኪና ገብታለች። እንደ ሆቴል አንሶላ ነጥታለች። ቡትቶው ወጥቶ በአዲስ ትራስ ጥጥ ስለተሞላች ስሟ አሁን ገና የተገባት መስላለች። የተኘከው እግር ተቆርጦ በአዲስ ጨርቅ ተተክቷል፤ ጥለት ያለው ቀሚስ ተሰፍቶላታል፤ ፀጉሯ ተበጥሮ ሪባን ታስሮበታል። ክፍሉ በልብስ ማለስለሻ ሽታ ታወደ።

ማርጋሬት ቆመች። ጓንት ያደረጉት እጆቿ አየር ላይ ቀሩ። ከዚያ ያደገችበት ጨዋነት መጣላትና፣ እንዴት ቆንጆ ናት፣ ላቭሊ፣ ላቭሊ አለች።

«ምን አለች?» አሉኝ እትዬ አስካለ።

«ቆንጆ ናት አለች።»

«አላልኩሽም?»

አያችሁልኝ ነገሩን? ማርጋሬት አትንኳት ስትል ከልቧ ነበር፤ እትዬ አስካለ ለጨዋነት ነው ብለው አለፉት። ቆንጆ ናት ስትል ለጨዋነት ነበር፤ እትዬ አስካለ ከልቧ ነው ብለው ተቀበሉት። በሁለቱ መካከል እኔ ነበርኩ፤ ሁለቱንም ቋንቋ እችላለሁ ተብዬ የተቀመጥኩ።

ማርጋሬት ቀስ ብላ፣ ሆዷ ውስጥ የነበረውስ ብላ አስጠየቀችኝ። የእትዬ አስካለ ፊት በራ። «አትጨነቂ በያት፤ አንድም አላስቀረሁም፤ ሁሉንም በቆሻሻው ቱቦ ወደ ታች ለቅቄዋለሁ።» ቱቦው ከየፎቁ እስከ ምድር ድረስ ይወርዳል። የቤተሰቡ ልብስ ሁሉ፣ የአመለወርቅ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ቁራጭ ሳይቀር፣ ያን ያህል ፎቅ ወርዷል። «የለም» ብዬ ብቻ ተረጎምኩ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ማርጋሬት ሻይ ክፍል ውስጥ አስቀምጣኝ፣ ድምጿን ከወትሮው ዝቅ አድርጋ፣ ድንቡሼ ክምችቱ ውስጥ ልትገባ እንደማትችል ነገረችኝ። አሁን እኮ አዲስ አሻንጉሊት ናት አለች። ልክ ነበረች፤ አዲስ ነበረች። መንገሩ የኔ ሥራ ሆነ።

ዓይን አፋር ለሆናችሁ ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ላልሆናችሁት ደግሞ ማስረዳት አልችልም። ዓረፍተ ነገሩን ባቡር ውስጥ እየደጋገምኩ አጠናዋለሁ፤ እትዬ አስካለ ፊት ስደርስ ስለ ሻንጣ ዋጋ አወራለሁ። እሳቸው ይደውላሉ፤ መስታወቱ ተሠራ ወይ ይላሉ። ዕቃቸውን የሚያነሳው መኪና የሚመጣበት ቀን ደግሞ እየቀረበ ነው። በመጨረሻ ቤታቸው ግማሹ በካርቶን ውስጥ በገባበት ቅዳሜ ሄድኩና፣ የተጠቀለለ ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ፣ መሬት መሬት እያየሁ ተናገርኩ።

እትዬ አስካለ ቴፑን ካርቶኑ ላይ ለጥፈው ጨረሱ። ከዚያ «ቆሻሻዋን ነው የፈለጉት?» አሉኝ።

«ቆሻሻ አይሉትም እትዬ። ታሪኳ ነው ይላሉ።»

«ታሪኳ» አሉ። ቃሉን አገላብጠው ያዩት መሰለኝ። «አመለወርቅ እኮ እኔን አንድም ቀን ፊቴን ሳታጥብ ከበር አላስወጣችኝም። ውሃ ባይኖር የነጠላዋን ጫፍ በምራቋ አርሳ ትጠርገኝ ነበር። ለምን? ሰው ፊት ቆሽሻ የቀረበች ልጅ እናት የላትም ይባላላ። እና ድንቡሼን እንዲያ አድርጌ ለፈረንጅ ላቅርባት? ምን ሊሏት? ምን ሊሉኝ?»

 እኛ የድንቡሼ ታሪክ ቆሻሻዋ ላይ ነው ብለን ነበር፤ የእትዬ አስካለ ታሪክ ግን ለካ እጥበቱ ላይ ነበር። በረኪናው ያጠፋውን ሁሉ አጥፍቶ፣ አመለወርቅን አልነካቸውም። እዚያው ጨርቁን የያዘው እጅ ላይ ነበሩ።

ሰኞ ዕለት፣ ለእኔ ትልቅ ነገር የሆነውን አደረግሁ፤ ሳልጠራ የማርጋሬትን በር አንኳኳሁ። እትዬ አስካለ ያሉትን አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገችው፣ መልሳ አደረገችው። ደንቡን አልቀየረችም፤ ይህ ታሪክ የሚያምረው ደንቡ ቢቀየር ነበር፣ ግን አልተቀየረም። ይልቅስ ድንቡሼን አስይዛ ወደ ላይኛው ፎቅ፣ ወደ ልጆች ክፍል ላከችኝ። እዚያ አንድ ትልቅ ቅርጫት አለ፤ ከምድር ቤቱ ዕቃዎች በተለየ፣ የገባበት ሁሉ እንዲነካ፣ እንዲጎተት፣ እንዲወረወር የተፈቀደበት። የክፍሉ ሠራተኛ ድንቡሼን አገላብጣ አየቻትና ስፌቷ ጠንካራ ነው፣ ትሆነናለች አለች።

እትዬ አስካለ ቅርጫት የሚለውን ሲሰሙ አልተደሰቱም። «ለመስታወት ያጠብኳትን ቅርጫት ውስጥ? ይቀዷታል እኮ።» ሊቀዷት ይችላሉ አልኳቸው። መስኮቱን ሲያዩ ቆዩ፤ ከዚያ ፎቅ ከተማው ሁሉ መጫወቻ ይመስላል። «እስክትቀደድ ትኑር እንግዲህ» አሉ። «ከቢን ይሻላል።»

ፖይንት ኩክ ከገቡ በኋላ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሶሊያናን ይዘው ሊያዩዋት መጡ። ቅርጫቱ ጋ ስንደርስ አንድ ገና መሄድ የጀመረ፣ ፀጉሩ እንደ በቆሎ ጭራ የነጣ ሕፃን ድንቡሼን በእግሯ ይዞ ምንጣፉ ላይ ይጎትታታል። ፊቷ ላይ ማርማላታ አለ። የእሱም ፊት ላይ አለ። ይቆጣሉ ብዬ ዞሬ አየኋቸው። እትዬ አስካለ ግን ቦርሳቸውን ከፍተው መሐረብ አወጡ፣ ጫፉን በምራቃቸው አረሱ፣ ጎንበስ ብለው የድንቡሼን ጉንጭ ጠረጉ፤ እግረ መንገዳቸውን የልጁንም። ልጁ አልጮኸም። ፊቱን ወደ ላይ አቅንቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እስኪጨርሱ ጠበቀ። እናቱ አፏን ከፍታ ቆየችና፣ ላቭሊ አለች። ከልቧ ይሁን ለጨዋነት፣ እኔ መለየት ትቻለሁ።

ሶሊያና እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ስታይ ቆየችና ልጁን በእንግሊዝኛ፣ ቀስ አድርገህ ያዛት፣ የአያቴ እህት ናት የሠራቻት አለችው። ክሪፒ መሆኗን አላነሳችም።

ድንቡሼ አሁንም እዚያው ናት። ማርጋሬት አንዳንዴ ላይኛው ፎቅ ወጥታ ቅርጫቱን ስታይ አገኛታለሁ። ባለፈው በድንቡሼ አንገት ስር የተጀመረች አንዲት ግራጫ እድፍ አግኝታ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ብዙ ጊዜ አየቻት። በቂ ልጅ ከጎተታት፣ በቂ ጥርስ ከበቀለባት፣ አንድ ቀን ቁጥር ታስሮላት ወደ ምድር ቤት ትወርድ ይሆናል አለችኝ፤ እኔና አንቺ አንደርስበትም እንጂ። እኔም እንደ ጎበዝ ተማሪ ራሴን ነቀነቅሁ። እትዬ አስካለ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር፣ እርጥብ ጨርቅ በላስቲክ ጠቅልለው፣ ከፖይንት ኩክ ድረስ እንደሚመጡ አልነገርኳትም።

ለእሳቸው ግን ተናግሬ ነበር። መንገዱ ሩቅ ነው እትዬ፣ ስለ ድንቡሼ አይቸገሩ፣ እኛ እናያታለን አልኳቸው።

ፈገግ አሉና እጄን መታ መታ አደረጉልኝ።